ጸጉርና አጥንት አልፎ አንጎል የሚያይ ብርሃን፦ የቱ እውነት፣ የቱ ማጋነን?



ዛሬ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ክፍሉን ጨለም አድርጉ፣ የስልካችሁን ፍላሽ አብሩና የጣታችሁን ጫፍ ላዩ ላይ ጫን አድርጉት። ጣታችሁ ቀይ ሆኖ ይበራል። ለምን ቀይ? የፍላሹ ብርሃን እኮ ነጭ ነው፤ ሰማያዊውም አረንጓዴውም ቀዩም በውስጡ አለ። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ደማችሁ ውጦ አስቀራቸው፣ ቀዩ ግን ሾልኮ ወጣ።

አሁን ደግሞ የቲቪ ሪሞት አምጡ። ሰልፊ የምትነሱበትን ካሜራ ክፈቱና የሪሞቱን አፍ ወደ ካሜራው አዙራችሁ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። በዓይናችሁ የማታዩት መብራት በብዙ ስልኮች ስክሪን ላይ ብልጭ ሲል ታያላችሁ። ይሄ ኢንፍራሬድ ነው፤ ትምህርት ቤት "ታህተ ቀይ" ብለን የተማርነው። ከቀይ ቀጥሎ ያለ፣ የሰው ዓይን የማይደርስበት ብርሃን ማለት ነው።

እነዚህን ሁለቱን ካያችሁ የዛሬውን ርዕስ ግማሹን ተረድታችሁታል።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የላካችሁልኝ ቪዲዮ አለ። አንድ ሕፃን ሽቦ የበዛበት ኮፍያ አድርጎ እናቱ ጭን ላይ ቁጭ ብሏል። ከላዩ "ሐሳብ የሚያነብ ማሽን ተሠራ" የሚል ጽሑፍ አለበት። ማሽኑ እውነት ነው፤ ግን አዲስ አይደለም፣ ሐሳብም አያነብም። ስሙ በአጭሩ ኤፍ-ኒርስ ይባላል። የሚያደርገው ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን በራስ ቅል ውስጥ አሳልፎ የአንጎልን ደም መከታተል ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዴት ነው የሚሠራው?

የብርሃን የሞገድ ርዝመት በናኖ ሜትር ይለካል። ዓይናችን እስከ 700 ናኖ ሜትር አካባቢ ያያል። ከ650 እስከ 950 ባለው ክልል ውስጥ ግን ተፈጥሮ አንድ ክፍተት ትታልናለች። ከዚያ በታች ያለውን ብርሃን ደም ይውጠዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ይውጠዋል። መሀሉ ላይ ሁለቱም ብዙ አይውጡም። ተመራማሪዎች ይህን ክፍተት "መስኮት" ይሉታል። በዚህ መስኮት የገባ ብርሃን ቆዳን አልፎ፣ አጥንትን አልፎ የአንጎልን ላይኛ ክፍል መንካት ይችላል።

ይህን በ1977 "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ያሳወቀው በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፍራንስ ዮብሲስ ነው። ሐሳቡ እንዴት እንደመጣለት ኋላ ራሱ ሲጽፍ የእራት ሰዓት ታሪክ አጫውቷል። ልጁ ከተበላው ሥጋ የቀረውን ስስ አጥንት ወደ መብራት አንስቶ ሲያይ፣ ቀይ ብርሃን በአጥንቱ ውስጥ አልፎ ይታይ ነበር። አጥንት ቀዩን ካሳለፈ ከቀይ ቀጥሎ ያለውንማ ይበልጥ ያሳልፋል ብሎ አሰበ። በየቤታችን ስንት አጥንት ተግጧል መሰላችሁ!

ብርሃኑ ገባ እንበል። ምን ያያል? እዚህ ላይ ሄሞግሎቢን ይመጣል፤ ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል። ኦክስጅን የጫነ ሄሞግሎቢን ደማቅ ቀይ ነው፤ ጭነቱን ያራገፈው ደግሞ ጠቆር ይላል። ለምርመራ ከክንዳችሁ የሚቀዳው ደም ጠቆር ያለ የሚሆነው ከደም መልስ ስለሚቀዳ ነው። ሁለቱ ቀለማቸው ስለሚለያይ ብርሃን የሚውጡበት መጠንም ይለያያል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ዓይነት የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ልከን የተመለሰውን ብናወዳድር፣ ኦክስጅን ያለው ደም ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን ማስላት እንችላለን።

ይህ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ስንቶቻችን ቤት የገባችው፣ ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ የምትሠራው በዚሁ መርህ ነው። አንድ ቀይ፣ አንድ ኢንፍራሬድ መብራት አላት። ሐሳቡ በ1970ዎቹ የጃፓኑ መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። ኤፍ-ኒርስን የዚህች መሣሪያ የአጎት ልጅ በሏት፤ አንዷ ጣት ላይ፣ ሌላዋ ጭንቅላት ላይ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዕረፍት ላይ ስንሆን ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶውን ገደማ ይወስዳል። ስስታም ነው። አንዱ ክፍል ሥራ ሲበዛበት፣ ለምሳሌ ንግግር ስትሰሙ የመስማትና የቋንቋ ክፍሉ፣ በሰከንዶች ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ደም ይላክለታል። ይህ ጭማሪ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ አካባቢ ጣራው ላይ ይደርሳል። ኤፍ-ኒርስ የሚይዘው ይህንን ነው፤ ኦክስጅን የጫነው ደም ሲጨምርና ያራገፈው ሲቀንስ።

ኮፍያው ላይ ብርሃን የሚለቁ ነጥቦችና የሚቀበሉ ነጥቦች አሉ። በአዋቂ ሰው ላይ በሁለቱ መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተዋል። ብርሃኑ ከአንዱ ገብቶ እንደ ሙዝ ጎበጥ ባለ መንገድ ወደ ሌላኛው ይወጣል። የሙዙ ሆድ ከራስ ቆዳ በታች 1.5 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ስለዚህ የሚታየው የአንጎል ላይኛ ቅርፊት ብቻ ነው። ትዝታን የሚያደራጀው፣ ፍርሃትን የሚያስተናግደው፣ እንቅልፍንና ትንፋሽን የሚቆጣጠረው ክፍል ጥልቅ ውስጥ ስለሆነ ብርሃኑ አይደርስበትም።

"ሐሳብ ያነባል" ለሚሉት የምሰጠው ምሳሌ የመብራት ቆጣሪ ነው። የጎረቤታችሁ ቆጣሪ በፍጥነት ሲቆጥር ብታዩ፣ ምጣድ ተጥዶ ይሆናል ብላችሁ ትገምታላችሁ። እንጀራው ነጭ ጤፍ ይሁን ሰርገኛ፣ ለማን እንደተጋገረ፣ ጋጋሪዋ ምን እያሰበች እንደሆነ ግን ቆጣሪው አይነግራችሁም።

ታዲያ ኤምአርአይ እያለ ይሄ ለምን አስፈለገ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የአንጎልን ሥራ የሚያሳየው ኤምአርአይ ጥልቁን ሁሉ ያያል፣ በሚሊ ሜትር ደረጃም ይለያል። ኤፍ-ኒርስ በሴንቲ ሜትር ነው የሚያወራው። ነገር ግን ኤምአርአይ ውስጥ መተኛት አለባችሁ፣ አለመነቃነቅ አለባችሁ፣ ጩኸቱን መቻል አለባችሁ። የ6 ወር ሕፃን ነቅቶ፣ ዝም ብሎ እዚያ ውስጥ ይተኛል? አይታሰብም። ጆሮው ውስጥ ኮክሌር ኢምፕላንት የተገጠመለት ልጅም መሣሪያው ማግኔት ስላለው ኤምአርአይ ያስቸግረዋል። ኤፍ-ኒርስ ግን ድምፅ የለውም፣ ጨረሩ እንደ ራጅ ያለ ሳይሆን ብርሃን ብቻ ነው፣ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ እየሳቀ ይለካል። በዚያ ላይ የሕፃን የራስ ቅል ስስ ስለሆነ ብርሃኑ በቀላሉ ይገባል፤ ጸጉሩም ገና ሳሳ ያለ ነው።

ለዚህ ነው መሣሪያው ሕፃናት ላይ የነገሠው። በ2003 በጣሊያን አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ለሕፃናቱ የሰው ንግግር ተከፈተላቸው፤ ቀጥሎ ያው ንግግር ወደ ኋላ ተገልብጦ ተከፈተ። ድምፁ ያው ድምፅ ነው፣ ግን ቋንቋ መሆኑ ቀርቷል። ትክክለኛው ንግግር ሲሰማ የግራ አንጎላቸው ይበልጥ ሠራ። ልብ በሉ፣ የተወለዱ ገና ቀናት የሆናቸው ናቸው! "ሕፃን ምን ያውቃል" እያልን ሳናዋራቸው ለምንውል ወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል።

ወደ አፍሪካ እንምጣ

በ2014 ከእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ተመራማሪዎች ጋምቢያ ውስጥ ካለው የምርምር ማዕከል ጋር ሆነው ኬነባ በምትባል የገጠር መንደር፣ ከ4 እስከ 8 ወር የሆናቸውን ሕፃናት በኤፍ-ኒርስ ያዩበትን ሥራ አሳተሙ። በአፍሪካ ሕፃናት ላይ በዚህ መንገድ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። ኤምአርአይ ወደዚያ መንደር መውሰድ ቅዠት ነው፤ ይህን መሣሪያ ግን በመኪና ጭኖ መውሰድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ "ብራይት" የተባለው ፕሮጀክት ከ200 በላይ የጋምቢያ ሕፃናትን ከውልደት እስከ 2 ዓመት፣ ከእንግሊዝ ሕፃናት ጎን ለጎን ተከታትሏል።

ይህ ለእኛ ለምን ያገባናል? በ2019 የተሠራው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2030 ይህን ለማስቀረት የተገባ ነው። አሁን የምንለካው በሜትር ነው፤ ልጁ ለዕድሜው አጭር ነው ወይስ አይደለም። የምንፈራው ግን ቁመቱን ብቻ አይደለም፤ አንጎሉን ነው። አንጎል በጣም የሚገነባው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ስለሆነ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ እስኪቸገር ከመጠበቅ በፊት የሚታይ ምልክት ቢኖር፣ የትኛው ምግብ፣ የትኛው ድጋፍ አንጎል ላይ እንደሚሠራ ቶሎ እናውቅ ነበር። የጋምቢያው ሥራ የሚፈልገው ይህንን ነው። ገና የምርምር መሣሪያ ነው፤ የአንድን ልጅ ውጤት ይዞ "ልጅሽ ይህ ጎድሎታል" ማለት አይቻልም። የቡድን አማካይ ነው የሚያወዳድረው።

የኛ ጸጉር፣ የኛ ቆዳ

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማይነገረው ነጥብ ልግባ። ቆዳችንንም ጸጉራችንንም ጥቁር የሚያደርገው ሜላኒን ነው። ሜላኒን ሥራው ብርሃን መዋጥ ነው፤ ከፀሐይ የሚጠብቀንም እሱ ነው። እና በብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ሜላኒን ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ምልክቱ ይዳከማል። በተለይ ጸጉር። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለና ጥቅልል ጸጉር ብርሃኑን ከመዋጡም በላይ ነጥቦቹ የራስ ቆዳን በደንብ እንዳይነኩ ይገፋቸዋል። ዊግና ሂውማን ሄር ሲጨመርበትማ ጉዳዩ አበቃ።

ውጤቱ ምንድን ነው? አንዳንድ ላቦራቶሪ "ምልክቱ አልጠራም" ብሎ የእነዚህን ሰዎች መረጃ ይጥላል፤ ሌላው ከመጀመሪያውም አይጠራቸውም። ከዚያ "የሰው አንጎል እንዲህ ነው" የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የየትኛው ሰው?

ይህ ስጋት በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። የጣት ኦክስጅን መለኪያዋ ላይ የሆነውን እዩ። በ2020 "ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን" ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ የሚል ደህና ቁጥር እያሳየች በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በመቶ በታች የሆነው ከጥቁር ታካሚዎች ንባብ በ11.7 በመቶው ነበር፤ በነጮቹ 3.6 በመቶ። ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። መሣሪያዋ ሆስፒታል ከገባች አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር! ስለዚህ ምክሬ፦ ቤታችሁ መለኪያ ካለች ቁጥሯ ደህና ቢልም፣ ትንፋሽ እያጠረ፣ ከንፈር እየጠቆረ ወይም ሰውዬው እየደከመ ከሆነ ምልክቱን እመኑና ወደ ሕክምና ሂዱ።

በኤፍ-ኒርስ ግን መፍትሔ አለ፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ጸጉሩን በቀጭን እንጨት እየከፈሉ፣ ጄል እየቀቡ፣ የነጥቡን ቦታ ከሹሩባው መስመር ጋር እያስማሙ መሥራት ይቻላል። ሹሩባ የሠራች እናት የምታውቀው ነገር ነው፤ በሁለት ጉንጉን መካከል ያለው መስመር ለብርሃን ጥሩ መንገድ ነው። የጋምቢያው ሥራም መሣሪያው በአፍሪካ ሕፃናት ላይ እንደሚሠራ በተግባር አሳይቷል።

"ዶክተር፣ ልጄን ላስለካው?"

ቪዲዮውን ከላኩልኝ አንዷ እናት የጻፈችው ይህ ነበር። ልጇ 3 ዓመት ሊሞላው ነው፣ አያወራም። ዘመድ "ውጭ አገር በብርሃን አንጎል የሚያይ ማሽን አለ፣ ኦቲዝም ከሆነ ያሳያል" ብሏት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምራለች።

እህቴ፣ ገንዘብሽን አስቀምጪ። ኦቲዝምን ለይቶ የሚነግር የብርሃን ምርመራ የለም። ኤፍ-ኒርስ ኦቲዝም ባለባቸውና በሌለባቸው ልጆች ቡድን መካከል ልዩነት መኖሩን ለማጥናት ያገለግላል፤ ለአንድ ልጅ መልስ አይሰጥም። ኦቲዝም የሚታወቀው ልጁን በቅርበት አይቶ፣ ከወላጅ ጋር በዝርዝር ተነጋግሮ ነው። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ደግሞ ርካሽና ቅርብ የሆነ ነገር ነው፤ የመስማት ምርመራ። ያልሰማ ልጅ እንዴት ያውራ? ከዚያ የሕፃናት ሐኪም፣ ከዚያ የንግግርና የባሕሪ ድጋፍ። አዲስ አበባ ላላችሁ እንደ ጆይና ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት አሉ።

ሌሎቻችሁም ያዙልኝ፦ ልጅ በ12 ወሩ ካልተንተባተበና በጣቱ ካልጠቆመ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል ካልተናገረ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገናኘ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ካቆመ፣ "አባቱም ዘግይቶ ነው ያወራው" ብላችሁ አትጠብቁ። የመጠበቅ ዋጋ ከማንኛውም ማሽን ዋጋ ይበልጣል።

ታዲያ ሕክምና ላይ ጨርሶ አይውልም?

ይውላል፣ በልክ። ጃፓን በ2014 የድብርት ምልክት ያለባቸውን ሰዎች ለመለየት እንደ ረዳት ምርመራ በጤና መድኅኗ ውስጥ አስገብታዋለች፤ ረዳት የሚለው ይሰመርበት፣ ውሳኔው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ነው። ከሌሎች አገሮች ባለሙያዎች ብዙዎቹ ገና አልተቀበሉትም፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። አንዱ ምክንያት ግንባር ላይ የሚለካው ምልክት ከአንጎል ብቻ አለመምጣቱ ነው። የራስ ቆዳችንም ደም አለው። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲያፍር ፊቱ ይቀላል አይደል? ብርሃኑ ይህንንም ይቆጥረዋል። ጎበዝ ላቦራቶሪ አጠገብ ለአጠገብ ሌላ ተቀባይ ነጥብ አድርጎ የቆዳውን ብቻ ይለካና ይቀንሰዋል።

በጣም ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ደግሞ በተመሳሳይ ብርሃን የአንጎልን ኦክስጅን ሌት ተቀን መከታተል ይቻላል። ይህ ሕይወት ያድናል ብለን ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። በ2023 ውጤቱ የወጣ፣ 1,601 ሕፃናት የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ግን ክትትሉ ሞትንም ሆነ ከባድ የአንጎል ጉዳትን እንዳልቀነሰ አሳየ። ያሳዝናል፤ ግን ማወቃችን ጥሩ ነው። ቁጥር ማየት አንድ ነገር ነው፣ ቁጥሩን አይቶ የሚደረገው ነገር ሕፃኑን መጥቀሙ ሌላ ነው።

ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ኦንላይን "ትኩረት የሚያሠለጥን" እየተባለ የሚሸጥ የግንባር ቀበቶ አለ፤ ከሱ ጎን ደግሞ "አንጎል የሚያድስ ቀይ መብራት"። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በጥቂት ነጥቦች ግንባር ላይ ይለካል፤ ለመጫወት ካልሆነ ምርመራ አትበሉት። ሁለተኛው አይለካም፣ ያክማል ነው የሚባለው፤ ስትሮክ ወይም የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመዳችሁን መድኃኒት አቋርጣችሁ በመብራት ልታክሙ ከሆነ ግን በጣም አደገኛ ነው። ስትሮክ ሲጀምር፣ ማለትም ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ የሚያስፈልገው ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ።

በመጨረሻ አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ላላችሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት እንድትመጡ ከዩኒቨርሲቲ ወረቀት ሊደርሳችሁ ይችላል። ጉዳት የለውም፣ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እንደ ልጄ ባለ ጸጉር ላይ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ምልክቱ ካልጠራ መረጃውን ትጥሉታላችሁ ወይስ ሌላ ቀን ትሞክራላችሁ? ውጤቱ የልጄ ነው ወይስ የቡድን? ለቀጠሮው ጠዋት ጸጉር ላይ ቅባትም ቅቤም አታድርጉ፤ ሹሩባ የምትሠሩላት ከሆነም አስቀድማችሁ መስመሩ የት ቢሆን እንደሚሻል ጠይቋቸው።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። የልጅ ንግግር መዘግየት ጉዳይ ያላችሁ ግን የልጁን ዕድሜና መስማቱ ተመርምሮ እንደሆነ ጨምራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።